የቅዳሜ ጋላቢዎች

ጥቅምት 6

ወንድሜ፣

ትናንት ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁት እኔ ስለሆንኩ ሰላምታ ባበዛ የይስሙላ ይመስልብኛል። እማዬን ግን ሁለት ጊዜ ሳምልኝ። በስልክ ስንነጋገር ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ መጯጯህ ስለምንጀምር ይኸው እንደተስማማነው በወረቀት ይሁን። «ወረቀት ላይ መጮህ አይቻልም» ብለሃል። እስቲ እናያለን።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። የጋላቢዎች ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ያልተገኘሁት ንቄያችሁ አይደለም። ዳማ ሰኮናው ውስጥ ጠጠር ገብቶበት ከጠዋት ጀምሮ ያነክስ ነበር፤ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ስነክር አውቶቡሱ አመለጠኝ። ለሊቀመንበሩ እንዲህ ብለህ ንገረው። ካልሆነም «ታማለች» በለው፤ ፈረስ ታመመ ከሚባል እኔ ታመምኩ ቢባል ይቀለው ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄህ በየሳምንቱ ሳይቀሩ የሚጋልቡት ስንት ናቸው የሚል ነው። አሥራ አንድ ናቸው። ከአዳር ሥራ ስትወጣ ማክሰኞ ጠዋት የምትመጣዋ ነርስ አለች። አርባ ዓመት መሪ ይዞ ኖሮ አሁን ልጓም ሲይዝ እጁ የሚንቀጠቀጠው ጡረተኛ ሹፌር አለ። ዳቦ ጋጋሪውና ሚስቱ አሉ፤ ሐሙስ ሐሙስ ዱቄታቸውን ሳያራግፉ ነው የሚመጡት። ሌሎቹንም ብታያቸው ትወዳቸዋለህ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ዝናብ ፀሐይ ሳይሉ የመጡ ሰዎች ናቸው።

የጋላቢዎቹን መመዝገቢያ ቅጽ የመለስክብኝ ስም ስለሌለበት መሆኑን አይቻለሁ። እኔ ስም ጽፌ አላውቅም፤ አባባም ጽፎ አያውቅም። ኮርቻ ቤቱ ግድግዳ ላይ በጠመኔ የፈረሱን ስምና የእርካቡን ቀዳዳ ነው የምጽፈው። «ዳማ አራት» ካልኩ ነርሷ ናት፤ ማሰሪያው አራተኛው ቀዳዳ ላይ ሲገባ እርካቡ ለእግሯ ልክ ይሆናል። የሰው ስም ይጠፋብኛል እንጂ ቀዳዳው አይጠፋብኝም። ቅጽህ ለዚህ ቦታ ካለው ዛሬውኑ እሞላዋለሁ።

አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው። «እስከ ጥር መጨረሻ ሃያ መደበኛ ጋላቢ ያላስመዘገበ ጋጣ ፈረሶቹን ለከተማው ትልቁ ጋጣ ያስረክባል» የሚለውን መመሪያ የጻፈው ማን ነው? ጋጣው የአባባ ቢሆንም ፈረሶቹ የማኅበሩ እንደሆኑ አውቃለሁ። አምስቱንም በአንድ መኪና ጭነው ሊወስዱብኝ እንደሚችሉም አውቃለሁ፤ ይህን ሳስብ እህል አይወርድልኝም። ግን ሃያ የምትለዋ ቁጥር ከየት መጣች? የጻፋት ሰው ማን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

እህትህ


ጥቅምት 19

እትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ዳማስ እግሩ ተሻለው? እማዬን ሁለቴ ስሜልሻለሁ፤ ሦስተኛውን ራሷ ጠይቃ ወስዳለች። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ፤ የአስተባባሪነት ሥራ ማለት ከስብሰባ ወጥቶ ስብሰባ መግባት ሆኖብኛል።

መመሪያውን ማን ጻፈው ላልሽው፣ መመሪያ የኮሚቴ ሥራ ነው፣ ብዙ እጅ ይነካዋል። አሁን እሱን ተዪው።

ዋናው ነገር መላ አግኝቻለሁ። ትስስር። አትሳቂ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው። በአካባቢያችን ስድስት ጋጣዎች አሉ፤ ስድስቱም ለየብቻቸው ሰው ሲለምኑ ይኖራሉ። ከአሁን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱ ጋጣ አስተናጋጅ ይሆናል፤ የሌሎቹ ጋላቢዎች በአውቶቡስ ይሄዱለታል። ሰው ሰውን ሲያይ ይለመዳል፣ በሚቀጥለው ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል። እንዲህ እያለ አዘውትሮ የሚጋልበው ሰው ይበዛል። ሐሳቡን ሳቀርብ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታው። በደስታ ነው የመታው፤ እኔም መጀመሪያ ደንግጬ ነበር።

ያንቺ ተራ ጥቅምት 30 ነው። የመጣውን ሰው ሁሉ በስሙ ቅጹ ላይ ጻፊው፤ እባክሽ ቀዳዳ እንዳትጽፊ። ባለፈው «እህትህ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ካላቸው ጋላቢዎቿ ጋር እንዴት ናት?» ብሎ ሊቀመንበሩ ሲስቅብኝ ውሏል።

አውቶቡሱን እኔው ራሴ ነኝ ለምኜ ያስፈቀድኩት። ለአንቺ ብዬ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ


ኅዳር 4

ክቡር አስተባባሪ፣

«ደስ አላለሽም ወይ?» ብለህ የላክኸው ብጣሽ ወረቀት ደርሶኛል። እንዲያው በሞቴ፣ እንዴት አድርጎ ደስ እንዲለኝ ነው?

ሃያ ስምንት ሰው መጣ። ፈረሶቼ አምስት ናቸው። ለአንድ ሰው ኮርቻ ላይ ሰባት ደቂቃ እንኳ በወጉ አልደረሰውም። አንድ ረጅም ፎቶ አንሺ አለ፣ እግሩ እርካቡን አልፎ መሬት ሊነካ የደረሰ፤ ከሰባቱ ደቂቃ አምስቱን «ትንሽ ቆም አድርጊልኝ» እያለ ራሱን ሲያነሳ ጨረሰው። አንዷ ደግሞ «ይሄ ፈረስ ይናከሳል እንዴ?» ብትለኝ፣ «እስከ ዛሬ አልተናከሰም፣ ዛሬ ግን ለሱም ዋስ አልሆንም» አልኳት። ሃያ ስምንቱንም በስማቸው ጽፌያለሁ፤ ባልኸኝ ቦታ ነው የጻፍኳቸው። እጄ እያመመኝ ነው የጻፍኳቸው።

እሑድና ሰኞ ፈረሶቹ ቆመው አንገታቸውን ደፍተው ዋሉ። ማክሰኞ ነርሷ እንደ ልማዷ መጣች፤ ዳማ ጀርባው ተልጦ ኮርቻ ሳሳየው ወደ ግድግዳው ይሸሻል።

«ዛሬ ያርፍ» አልኳት።

«ቦራስ?»

«እሷም።»

«ታዲያ መቼ ልምጣ?»

«እኔንጃ» አልኳት። አባባ ከሞተ ወዲህ በዚህ ጋጣ በር ላይ ቆሜ ለሰው «እኔንጃ» ስል የመጀመሪያዬ ነው። አዳር ሠርታ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ በሁለት ታክሲ የመጣችውን ሴት ነው እኮ የመለስኩት።

አይ፣ አንተን አልተቆጣሁም። ብቆጣህ ይህን ሁሉ አልጽፍልህም ነበር። ለእማዬ ደህና ነች በላት፣ መብላቴንም ንገራት፣ ባይሆን እሷ ትብላ።

እህትህ


ኅዳር 22

እትዬ፣

አንድ መቶ ሠላሳ ስድስት! ስድስቱም ጋጣዎች ቅጻቸውን ልከው ስደምረው በአካባቢው አንድ መቶ ሠላሳ ስድስት መደበኛ ጋላቢ ወጣ። ባለፈው ዓመት ይህን ጊዜ ስድሳ አንሞላም ነበር። ሊቀመንበሩ ካርታ አሠራና የስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ አሰቀለው፤ ስድስት ቀይ ነጥቦች በክር የተያያዙ። ያንቺ ነጥብ ከሁሉም ትበልጣለች።

ፈረሶቹ ደከሙ ላልሽው ገብቶኛል፣ ለጥቂት ወር ነው ቻይው። ጋጋሪውና ሚስቱ መቅረታቸውንም ከሰው ሰምቼ አዝኛለሁ። ግን አንድ ነገር እይ፤ በወረቀት ሃያ ስምንት ጋላቢ አለሽ፣ ሃያን አልፈሻል ማለት ነው። ፈረሶችሽን ከእንግዲህ ማንም አይነካቸውም። እኔ ይህን ሳውቅ የተሰማኝን እፎይታ አንቺም ጋ ሳልሰማው ቀረሁና ቅር አለኝ።

ያንቺ ሰዎች አውቶቡስ ላይ እንደማይወጡ ሰምቻለሁ፣ ጥያቄም ተነስቷል። ቢያንስ አንቺ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ወደ ሌሎቹ ጋጣዎች ሂጂላቸው። እንዲያዩሽ ብቻ። ስለ እኔ ስትይ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 14

ወንድሜ፣

ስለ አንተ ስል ሄድኩ። ሦስት ቅዳሜ፣ ሦስት ጋጣ። እንዴት አገኘሽው ብለሃልና ልንገርህ፤ ስጨርስ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠህ መሆንህን አረጋግጥ።

እጄን አጣጥፌ መቆም እንደማልችል ታውቃለህ። ሦስቱም ቦታ እርካብ ማስተካከሉን ያዝኩ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ፎቶ አንሺው መጣ፣ እርካቡን እስከ መጨረሻው ቀዳዳ አወረድኩለት። ሁለተኛው ቅዳሜ ሌላ ጋጣ ሄድኩ፣ ያው ረጅም እግር። ከኋላው ያቺ «ይናከሳል ወይ» ባይዋ፣ ጉልበቷን አጥብቃ የምትይዘው። ሦስተኛው ቅዳሜ ፂሙ ጋ ነበርኩ፤ ከኔ ማዶ ያለው ጋጣ ባለቤት፣ ያ ፂሙን እያፍተለተለ የሚያወራው። እግር እያየሁ መቁጠር ጀመርኩ። የቆጠርኩት እግር ሁሉ የማውቀው ነው።

ፂሙን ለብቻው ጠራሁና «መዝገብህን አሳየኝ» አልኩት። ሃያ አንድ ስም ጽፏል።

«እነዚህ ያንተ ናቸው?»

«የሁላችን ናቸው፣ እህቴ። ቅዳሜ የመጣልህን ትጽፋለህ ተብለናል፣ እንጽፋለን። አንቺስ አልጻፍሽም?»

ጽፌያለሁ።

ስድስቱም ጋጣ ተደምሮ ያለን ሰው ሠላሳ አንድ ነው፤ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ቆጥሬያለሁ። አውቶቡስህ በየቅዳሜው እነዚያኑ ሰዎች ያዞራል፣ የደረሱበት ሁሉ ይጻፋሉ። ካርታህ ላይ ያሉት ነጥቦች በክር የተያያዙት በከንቱ አይደለም፣ ሁሉም ጋ ያሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ባለፈው ዓመት ስድሳ የነበርነው ደግሞ የት ሄድን መሰለህ? የኔ አሥራ አንዱ አራት ሆነዋል። ጋጋሪው ቅዳሜ ዳቦ የሚሸጥበት ቀን ነው፣ ሐሙስ ሲመጣ ፈረሱ ደክሟል። ጡረተኛው ሹፌር ከሠላሳ ሰው ጋር ተሰልፎ መጋለብ ያሳፍረዋል። ሌሎቹም ጋጣዎች እንዲሁ ነው የሆኑት፤ ፂሙ ራሱ ነገረኝ። ሰው ለማብዛት ብለን የነበረንን ሰው በእጃችን አባረርነው። ቆሽቴ አሯል፣ ከማን ጋር እንደምጣላም ጠፍቶኛል።

እስከ ጥር ቅዳሜን ዝም ብዬ ካስተናገድኩ ፈረሶቼ ይቀሩልኛል፣ ይህን አትርሳ እንዳትለኝ፤ አልረሳሁትም። ግን ከማን ጋር ነው የሚቀሩልኝ?

አሁንም መልስ ያልሰጠኸኝን እጠይቅሃለሁ። ሃያ የምትለውን ቁጥር ማን ጻፋት?

እህትህ


ታኅሣሥ 21

እትዬ፣

እኔ ነኝ የጻፍኳት።

ይህን ለመጻፍ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ። ሰኔ ላይ ስመጣ፣ አንቺ ቦራን ስታጥቢ፣ እኔ ኮርቻ ቤት ገብቼ ግድግዳውን ቆጠርኩት። ሠላሳ አራት ምልክት ነበረው። እትዬ ሠላሳ አራት ሰው አላት ብዬ ልቤ ሞላ። ስመለስ መመሪያውን እኔው አረቀቅኩ፣ ሃያም ያልኩት ከአንቺ በጣም ዝቅ እንዲል ብዬ ነው። ሰነፎቹ ጋጣዎች ይራገፋሉ፣ የነሱ ጋላቢ ወደ አንቺ ይመጣል ብዬ ነበር። አንቺን ልጠቅም ብዬ ነው፣ እማዬን ያቆይልኝ። ጥቅምት ላይ «አሥራ አንድ ናቸው» ብለሽ ስትጽፊልኝ መሳሳቴ ገባኝ፤ መመሪያው ግን ማኅተም ተመቶበት ነበር። ቅዳሜን የፈጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ያበላሸሁትን ልሸፍን ብዬ።

እለምንሻለሁ፣ ሠላሳ አንድ የምትለዋን ለማንም አትንገሪ። እስከ ጥር መጨረሻ ብቻ። ሃያ ስምንትሽን ይዘሽ እለፊ፤ ከዚያ በኋላ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 15

ወንድሜ፣

«ይቅር ብለሽኛል ወይ?» ብለህ ሁለት ጊዜ በሰው ልከህብኛል። ገና ነኝ። ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩም ገና ነኝ።

ሠላሳ አራት! አንተ በዚህ ጋጣ ያደግህ ልጅ፣ እንዴት ይጠፋሃል? ግድግዳው ላይ የሚጻፈው ሰው ብቻ አይደለም፣ ሰውና ፈረሱ ነው። ማሰሪያዎቹ እኩል ርዝመት የላቸውም፤ ነርሷ ዳማ ላይ አራት፣ ቦራ ላይ አምስት፣ ባርች ላይ ሦስት ናት። አሥራ አንድ ሰው በሦስት በሦስት ፈረስ ሠላሳ ሦስት ይሆናል። ሠላሳ አራተኛዋ ከበሩ ጀርባ ያለችው «ሐመር ሁለት» ናት። አባባ ነው የጻፋት። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለህ ያንተ እርካብ ነበረች፤ ግድግዳውን ሳጥብ እሷን ሳልነካት አልፋለሁ። ራስህን ጨምረህ ነው የቆጠርከው። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ ኮርቻ ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከዚያ እንደገና ተናደድኩብህ።

አሁን ያደረግሁትን ስማ። ቅዳሜን ዘግቻለሁ። አውቶቡሱ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ተመልሷል፤ ስሞታው ደርሶህ ይሆናል። የቀሩትን ሰባቱን በየቤታቸው ሄጄ አንኳኳሁ። ጡረተኛው ሹፌር በሩን ከፍቶ ሲያየኝ «ፈረሱ ምን ሆነ?» ነው ያለኝ፣ ሌላ ምን ያመጣታል ብሎ። «ፈረሱ ደህና ነው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ጫማውን ለማጥለቅ ተቀመጠ። ጋጋሪው ትንሽ አኮረፈኝ፣ ሚስቱ ግን ቀኑን ሳታስጨርሰኝ «ሐሙስ!» አለች። ሰባቱም ተመለሱ። ነርሷ ሆስፒታሉ ሻይ ቤት ውስጥ ወረቀት ለጥፋ ሦስት ባልደረቦቿን አመጣች፤ ጋጋሪው ሁለት፣ ሹፌሩም አብሮት ጡረታ የወጣውን ረዳቱን። አሥራ ሰባት ነን። አንዳቸውም በአውቶቡስ አልመጡም። ትስስር ያልከው ነገር ይህ ከሆነ እኔም አልቃወምህም።

ሃያ ግን አልሞላሁም፣ እስከ ወሩ መጨረሻም አልሞላም። ሃያ ስምንቱን ስም ከቅጹ ላይ ሰርዤ አሥራ ሰባት ብዬ ልኬልሃለሁ።

ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስብሰባው ላይ ተነስና የስድስታችንንም እውነተኛ ቁጥር አንብበው፤ የሌሎቹንም ቆጥሬ ከቅጹ ጋር ልኬልሃለሁ። ከስድስቱ አንድም ሃያ የሚሞላ የለም። ሁሉም ከወደቀ መመሪያው ይወድቃል፣ ስድስት ጋጣ ባዶ አያደርጉም። የኔን ብቻ ብታነብ ግን ፈረሶቼን በገዛ እጄ እንደሸኘኋቸው ቁጠረው። አንተን አምኜ ነው የላክሁት።

እህትህ


የካቲት 2

እትዬ፣

ዜናውን ከሌላ ሰው ከመስማትሽ በፊት ከኔ ስሚው።

ተነሳሁ። ያንቺን አነበብኩ። አሥራ ሰባት። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ «በእውነት የሚሠራ ሰው እንዲህ ነው፣ ድክመቱን አይደብቅም» አለ። ሰው አጨበጨበ እትዬ፣ ለአንቺ አጨበጨቡ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «የሌሎቹስ?» አለኝ። ስድስቱም ወረቀት እጄ ላይ ነበር። ፂሙ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ካርታው ከሊቀመንበሩ ኋላ ተሰቅሏል። አፌን ከፈትኩ።

«እንደ ቀድሞው ነው፣ ሁሉም ከሃያ በላይ» አልኩ።

ከዚህ ሌላ የምጽፍልሽ የለኝም። መኪናው ረቡዕ ይመጣል። እንዳይመጣ ለምኜ ነበር፣ መመሪያው የማን እንደሆነ አስታወሱኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 20

ወንድሜ፣

ሁለቱም ደብዳቤህ ደርሶኛል። መልስ ያዘገየሁት ልቀጣህ ብዬ ሳይሆን የምጽፈው ሁሉ ስድብ እየሆነ ስላስቸገረኝ ነው። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ አንተም አትንገራት። ፈረሶቹ እንዴት ሄዱ ላልከው፣ ሄዱ። ይህን ሁለተኛ አትጠይቀኝ።

«ምን ላድርግልሽ?» ብለሃል። አሁን ምንም። የሆነውን ግን እወቀው።

በማግስቱ ሐሙስ ጋጋሪውና ሚስቱ መጡ። ባዶውን ጋጣ አዩት፣ ከዚያ እሱ መጥረጊያ አነሳ። ማክሰኞ ነርሷ ሦስቱን ባልደረቦቿን ይዛ መጣች፤ ስለ ፈረሶቹ ሰምታለች፣ ቢሆንም ማክሰኞ ነው ብላ ነው የመጣችው። አጠገባቸው ቆሜ ሳለሁ ፂሙ አንዲት ፈረስ እየሳበ በበሩ ገባ። ፂሙን እንኳ አላፍተለተለም። «ማክሰኞና ሐሙስ ትዋልልሽ» አለኝ። «ማታ ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ።» ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገርክም አልኩት። «ወንድምሽ ይናገራል ብዬ» አለ። አንተም እሱ ይናገራል ብለህ ይሆናል። እንዲህ እየተጠባበቃችሁ አምስት ፈረሶቼን በላችኋቸው።

ፈረሷ አሮጊት ናት፣ በቀን ከአራት ሰው በላይ አትችልም። ለአንድ ሰው ሙሉ ሰዓቱን እሰጠዋለሁ፣ ሰባት ደቂቃ ብሎ ነገር እዚህ የለም። ሁለት ቀን፣ አራት አራት ሰው፣ በሳምንት ስምንት። አሥራ ሰባት ሰው ነንና ተራ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ያልፋል። ሹፌሩ መጨረሻ ደርሶት እስካሁን ኮርቻ ላይ አልወጣም፤ በየቀኑ ግን መጥቶ ልጓሟን ይይዝላቸዋል።

የየካቲትን ቅጽ ሞልቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ስም ይጻፍ ብለሃልና አሥራ ሰባቱንም በሙሉ ስማቸው ጽፌያለሁ። ፈረሷ ከመጣችበት ከየካቲት አሥራ አንድ ወዲህ አንድም ሰው አንድም ቀን አልቀረም። ተራቸው ያልሆኑት ይጠርጋሉ፣ ፈረሷን ያጥባሉ፣ አጥሩን ተደግፈው ሌላው ሲጋልብ ያያሉ። ነገር ግን መመሪያህ መደበኛ ጋላቢ የሚለው በየሳምንቱ ኮርቻ ላይ የሚወጣውን ነው፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ የለኝም። ስለዚህ ከስሞቹ በታች «የመደበኛ ጋላቢዎች ብዛት» በሚለው ቦታ ላይ ዜሮ ጽፌያለሁ።

ይህንንስ ተነስተህ ታነበዋለህ?

እህትህ